የአንድ ሰው መልክና የብዙ ሰው ድምፅ፤ ኸርማን ሌናርድ፣ የአዲስ አበባ የባንድ ሥዕሎችና የአባያ ዙሪያ ዘፈን

ፎቶግራፍ ዲዳ ነው፤ ሙዚቃም ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ሙዚቃን በፎቶግራፍ ለማስቀመጥ የሚነሣ ሰው በእውነት የሚያነሣው ዘፈኑን ሳይሆን ዘፋኙን ነው፤ ከዘፋኙም ፊቱን፣ እጁን፣ ልብሱን፣ የቆመበትን ስፍራና ከአጠገቡ የቆመውን ሰው ነው። ከነዚህ የትኛውን መርጦ የትኛውን እንደ ተወ ሲመረመር ግን ሥዕሉ ስለ ሙዚቃው የያዘው አሳብ ይገለጣል። አንዱ ሥዕል ሙዚቃ የአንድ ሰው ሥራ ነው ይላል፤ ሌላው የብዙዎች ሥራ ነው ይላል። ይህ ልዩነት የሥነ ጥበብን ሐያሲ ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የሕዝቦችን ልማድ የሚያጠና ሁሉ ሊሸሸው የማይችለው ጉዳይ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዙሪያ የሚሰበሰበው የሙዚቃ ማስረጃ ዛሬ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በሥዕልም ስለሚመጣ፣ ሥዕሉን ያነሣው ዓይን የት እንደ ሠለጠነ ሳይጠየቅ ማስረጃውን መቀበል አይገባም።

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ ሥዕሎች የተገኙት በአብዛኛው ለጃዝ ብሎ ካሜራ ከያዘ ሰው ሳይሆን ከፎቶ ቤት፣ ከጦር ክፍልና ከቴአትር ቤት ነው። «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚህን ሥዕሎች ሲያሰባስብ ቆይቶ «አቢሲኒ ስዊንግ» በሚል ርእስ በ2001 በመጽሐፍ አወጣቸው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። መጽሐፉን የገለጠ አንባቢ መጀመሪያ የሚሰማው ቅሬታ ሊሆን ይችላል። የጃዝ ሥዕል ሲባል ይጠብቅ የነበረው ጨለማ፣ ጢስ፣ ላብና የተጨፈነ ዓይን ነው፤ የሚያገኘው ግን በብዛት ዩኒፎርም ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ይዘው፣ በረድፍ ቆመው ወደ ካሜራው የሚመለከቱ ሰዎችን ነው። ታዲያ ጢሱን እንዲጠብቅ ማን አስተማረው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው በአንደኛ ደረጃ አሜሪካዊው ኸርማን ሌናርድ ነው፤ ስለዚህም የአዲስ አበባን ረድፍ ከመፍረድ በፊት የዚህን ሰው ሕይወትና ሥራ መመልከት ግድ ይሆናል።

ሌናርድ በ1923 በፔንሲልቬንያ ግዛት በአለንታውን ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በበርማ በሕክምና ክፍል አገልግሎ ከተመለሰ በኋላ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የፎቶግራፍ ትምህርቱን በ1947 ፈጸመ። ወዲያውም ወደ ካናዳ ተሻግሮ በኦታዋ ከዮሱፍ ካርሽ ዘንድ ለአንድ ዓመት ያህል በተማሪነት ተቀመጠ። ካርሽ በ1941 ባነሣው የቸርችል ሥዕል ስሙ በዓለም የገነነ የመልክ ፎቶግራፍ ሊቅ ነበረ። ትውልዱ አርመናዊ ሲሆን የተወለደውም በማርዲን ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከ1905 ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ሥዕል ያነሡ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ፣ የመጀመሪያውንም ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው የአይንታቡ ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የዚያው የተበተነ ሕዝብ ልጆች ነበሩና። የጃዝን መልክ የሠራው ብርሃንና የኢትዮጵያን ባንድ በረድፍ ያቆመው እጅ ከአንድ ሕዝብ ስደት የወጡ መሆናቸውን ታሪክ ጸሓፊዎች እስካሁን በቂ ትኵረት አልሰጡትም።

ሌናርድ ከካርሽ የተማረው ፊትን በብርሃን መቅረጽን ነው። በ1948 ኒው ዮርክ ገብቶ በግሪንዊች ቪሌጅ የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት፣ ማታ ማታ ይህንኑ ጥበብ ይዞ ወደ ምሽት ክበቦች፣ ወደ ሮያል ሩስትና በኋላም ወደ በርድላንድ መሄድ ጀመረ። ገንዘብ አልነበረውም፤ የክበቦቹ ባለቤቶች የመግቢያ ዋጋ ሳይጠይቁት ያስገቡት ነበር፤ እርሱም በምትኩ ለማስታወቂያቸው የሚሆን ሥዕል ይሰጣቸው ነበር። ከዚህ ውል የተወለደው ሥራ ስለ ሆነ ሥዕሎቹ በመጠኑም ቢሆን የማስታወቂያ ጠባይ አላቸው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም።

የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ቀንሶ አንዱን መብራት ከተጫዋቹ ጀርባ ያደርገዋል። ከጀርባ የመጣ ብርሃን የሰውየውን ጠርዝ ከጨለማው ይለየዋል፤ በቤቱ ውስጥ ያለውንም የሲጋራ ጢስ ነጭ አድርጎ ያወጣዋል። ጢስ ከፊት በበራ ብርሃን ብዙ አይታይም፤ ከጀርባ ሲበራ ግን ቅርጽ ያለው ነገር ይሆናል። በ1948 በሮያል ሩስት የተነሣው የዴክስተር ጎርደን ሥዕል የዚህ አሠራር ዋና ምስክር ነው። ወጣቱ ሳክስፎን ነፊ ተቀምጧል፤ መሣሪያው በጭኑ ላይ ነው፤ ሲጋራው በእጁ፣ ጢሱም ከፊቱ በላይ ተጠማዝዞ ወጥቷል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ሰውየው አይነፋም። በዓለም እጅግ የታወቀው የጃዝ ሥዕል ዝም ያለ ሰው ሥዕል ነው። ሌናርድ ድምፅን ለማንሣት ሲነሣ ያገኘው መፍትሔ ድምፁን ትቶ በምትኩ ሌላ የሚንሳፈፍ፣ የማይጨበጥና ቶሎ የሚጠፋ ነገር ማስቀመጥ ነበር። ጢሱ የዜማው እንደራሴ ነው። ይህ ታላቅ ግኝት ነው፤ ያለ ማጋነን የሥነ ጥበብ አሳብ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ሥዕል አለው። በዚያው በ1948 የሌስተር ያንግን ባርኔጣ፣ የሳክስፎኑን ሣጥን፣ ባዶውን የኮካ ኮላ ጠርሙስና የሚጤስ ሲጋራ ብቻ አንሥቷል። ሰው የለበትም። ሌስተር ያንግን የሚያውቅ ግን ሥዕሉን አይቶ ማን እንደ ሆነ ለመናገር አይቸገርም። የአንድን ሰው የሙዚቃ ጠባይ ያለ ፊቱ ማሳየት ካርሽ ያላስተማረው ነገር ነው፤ ሌናርድም በዚህ መንገድ ብዙ ርቆ ባለመሄዱ ሊያዝኑበት ይገባል።

የቀረው ሕይወቱ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1956 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ለባርክሌይ የሸክላ ኩባንያና ለልዩ ልዩ መጽሔቶች ሠራ። በኋላም ወደ ኢቢዛ ደሴት ሄዶ ተቀመጠ። የጃዝ ኔጋቲቮቹ ብዙ ዘመን ሳይነኩ ቆዩ፤ በ1985 በፓሪስ መጽሐፉ ሲታተም፣ በ1988ም በለንደን ሥዕሎቹ ለትርኢት ሲቀርቡ፣ በአርባ ዓመት ዘግይቶ ዝና መጣለት። ከዚያ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተቀመጠ። በ2005 የካትሪና ማዕበል ቤቱን በውኃ ሲሞላው በሺህ የሚቈጠሩ የታተሙ ሥዕሎቹ ጠፉ፤ ኔጋቲቮቹ ግን አስቀድመው በሙዚየም ግምጃ ቤት ተቀምጠው ስለ ነበረ ዳኑ። በ2010 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ።

እንግዲህ የሌናርድ ጕድለት ምንድን ነው? ብርሃኑ አንድን ሰው ለማውጣት ሌሎቹን በጨለማ ያስቀራቸዋል። ዜማውን የሚሸከመው ባስ፣ ጊዜውን የሚከፍለው ከበሮ፣ ኅብረ ድምፁን የጻፈው ሰው፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከጥቁሩ ወረቀት ጋር አንድ ሆነዋል። የዚያ ዘመን ጃዝ በትንሽ ጓድ የሚሠራ፣ እያንዳንዱም በተራው ብቻውን የሚወጣበት ሙዚቃ ስለ ነበረ ብርሃኑ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ተከታዮቹ ደግሞ ግማሹን እንደ ሙሉ ወሰዱት። ጢሱ ለእነርሱ አሳብ መሆኑ ቀርቶ ዩኒፎርም ሆነ። የአዲስ አበባዎቹ ነጋሪት መቺዎችና ነፊዎች ዩኒፎርም ለብሰዋል ብሎ የሚነቅፍ ሰው የኒው ዮርኩንም ዩኒፎርም ማየት ነበረበት።

በዚያው አገር ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። ባስ መቺው ሚልት ሂንተን በ1935 ካሜራ በስጦታ አግኝቶ ጓደኞቹን ከውስጥ ሆኖ ያነሣቸው ነበር፤ በባቡር ሲተኙ፣ በደቡብ ግዛቶች የባቡር ጣቢያ ዘረኛው የመለያ ጽሕፈት ሥር ሲቆሙ፣ በ1959ም ቢሊ ሆሊደይ በመጨረሻው የሸክላ ቀረጻዋ ጊዜ የራሷን ድምፅ ስታዳምጥ። የሂንተን ሥዕሎች እንደ ሌናርድ አያበሩም፤ ሙዚቃ የደመወዝና የመንገድ ሥራ መሆኑን ግን ሌላ ማንም እንዲህ አላሳየም። የሃርለሙ ተወላጅ ሮይ ደካራቫ ደግሞ በሰው ሠራሽ ብልጭታ አይጠቀምም ነበር፤ በቤቱ ያለውን ብርሃን ብቻ ተቀብሎ ፊቶች በግራጫው ውስጥ ሲጠልቁና ሲወጡ ይተዋቸው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያሰናዳው «ያየሁት ድምፅ» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በ2001 ነው፤ «አቢሲኒ ስዊንግ» በታተመበት ዓመት ማለት ነው።

ሦስተኛውና ለዚህ ክርክር ዋነኛው ምሳሌ አርት ኬን በነሐሴ 1958 በሃርለም በ126ኛው መንገድ ያነሣው ሥዕል ነው። 57 የጃዝ ሰዎች በጠዋት በአንድ ቤት ደረጃና በእግረኛ መንገዱ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ካውንት ቤዚ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በመንገዱ ጠርዝ ተቀምጧል። ጢስ የለም፤ ጨለማ የለም፤ የሚጫወት ሰው የለም። ያለው ረድፍ ብቻ ነው። ሆኖም ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ፣ ሽማግሌዎቹ የት፣ ወጣቶቹ የት እንዳሉ፣ ሴቶቹ ስንት እንደ ሆኑ የሚመረምር ሰው ከዚህ አንድ ሥዕል የሚያገኘውን የታሪክ ዕውቀት ከመቶ የጢስ ሥዕል አያገኝም። አሜሪካውያን ራሳቸው ስለ ጃዝ ሁሉንም የሚናገር ሥዕል ሲፈልጉ የተመለሱት ወደ ረድፍ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ ረድፉ ከካሜራ በፊት የነበረ ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እንቢልታ የሚነፋው በጓድ ነው፤ አንዱ እንቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያዎች መጡ፤ በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባው አርመናውያን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የመንግሥት ባንድ ሆኑ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተከተሉ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ሙዚቀኛ ማለት የመሥሪያ ቤት ሰው ማለት ነበር። ሥዕሉን የሚያዝዘው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሚፈልገው ሀብቱንና ሰዎቹን ቈጥሮ ለማሳየት ነው። ስለዚህ ሳክስፎኖቹ ከፊት፣ ትራምፔቶቹ ከኋላ፣ ከበሮው ከመካከል ይሰለፋሉ።

ይህን አሰላለፍ ድርቅ ያለ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሙዚቃው ራሱ በረድፍ የተጻፈ ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ለእነዚህ ኦርኬስትራዎች ያቀናበረው ሥራ እያንዳንዱ የመሣሪያ ክፍል እንደ አንድ ሰው ሆኖ እንዲነፋ የሚጠይቅ ነው። ሥዕሉ ይህን በትክክል ያሳያል። የሚያጐድለው አንድ ነገር አለ፤ ዜማውን ያቀናበረው ሰው በረድፉ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ቢኖረውም ከዳር የቆመ አንድ ሸሚዝ ለባሽ ሆኖ ያልፋል። በዚህ ረገድ የአዲስ አበባው ረድፍ ከሌናርድ ጨለማ የተሻለ አይደለም።

ረድፉ ከሥነ ጥበብ ውጭም ሌላ ክብደት አግኝቷል። በታኅሣሥ 1960 የክብር ዘበኛ ጦር መንግሥት ለመገልበጥ ባደረገው ሙከራ ምክንያት የባንዱ ሰዎች ከጥርጣሬ አላመለጡም፤ ዝነኛው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሮ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊት የተነሣን የክብር ዘበኛ ባንድ ሥዕል የሚመለከት ተመራማሪ ከፊቱ ያለው የሙዚቃ ጓድ ብቻ ሳይሆን የወታደሮች መዝገብ መሆኑን መርሳት የለበትም። ፊቶቹ ወደ ካሜራው ቀጥ ብለው መመልከታቸው የፎቶ ቤት ልማድ ነው፤ የሰልፍ ደንብም ነው።

በ1969 ዐምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ኩባንያ ባቋቋመ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ሸክላ ልባስ አለው፤ ልባሱም ፊት ይፈልጋል። ዘፋኙ ከረድፉ ወጣ፤ ልብሱ ከዩኒፎርም ወደ ሙሉ ልብስ፣ ጠጕሩም ወደ አፍሮ ዞረ። ይህ ሁሉ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በላይ አልቈየም። ከ1974 ለውጥ በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦቹን ሲያዳክም፣ በምሽት የሚነሣው ሥዕልም አብሮ ተዳከመ። በኒው ኦርሊንስ ሥዕሉን ያጠፋው ውኃ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ብዙው ሥዕል ከመነሣቱ በፊት ቀረ።

በዚህ ዘመን ከተነሡት መካከል ሁለት ዓይነት ሥዕሎች ልዩ ምርመራ ይገባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የሳክስፎን ነፊው የጌታቸው መኵርያ ናቸው። ጌታቸው ሽለላን ከሰው ጕሮሮ ወደ ሳክስፎን ያዛወረ ሰው ነው፤ መድረክ ላይም አንዳንድ ጊዜ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን ማንሣት ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ሽላይ በሕዝብ ፊት ብቻውን የሚቆም፣ ስለ ራሱ የሚመሰክር ሰው ነው። የሥዕሉ ቅርጽና የሙዚቃው ቅርጽ ተስማምተዋል። ጢስ አላስፈለገም፤ ጎፈሩ በቂ ነው። ሌላው በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተነሣው ነው። ኤሊንግተን በዚያ ጕብኝት ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ ዓመት ሳይሞላ ተሸላሚው ሞተ፣ ሸላሚውም ከዙፋን ወረዱ። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኢትዮጵያ ጃዝ በታላቁ አሜሪካዊ ዘንድ እውቅና ያገኘበት ማስረጃ ተደርጎ ነው። ይህ አተረጓጐም ጠባብ ነው። ኤሊንግተን ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ለአንድ ነፊ ሳይሆን ለጓድ፣ ያውም ለእያንዳንዱ የጓዱ አባል ጠባይ ነበር፤ ሙላቱም ከጅማ ተነሥቶ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምሮ የተመለሰው የራሱን አገር ስልት ለጓድ ለማቀናበር ነው። በሥዕሉ የተገናኙት ሁለት ኮከቦች ሳይሆኑ ሁለት አቀናባሪዎች ናቸው፤ በረድፉ ሥዕል ስፍራ ያጡት ዓይነት ሰዎች።

የአባያ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሙላቱ በልዩ ልዩ ጊዜ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ከጫሞ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጊዶሌ ዙሪያ የሚኖሩት ደራሼዎች በቀርከሃ መንፊያዎቻቸው የሚያሰሙት ስልት፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት በኋላ የደረሱበት ከሚባለው የተቀነሰ ስልት ጋር እንደሚገናኝ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ቻርሊ ፓርከርንም ያነሣል። ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ለብሔራዊ ክብር ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ለምርምር ብዙ አይጠቅምም፤ ፓርከር ጊዶሌን አላወቀም፣ ጊዶሌም ፓርከርን አልፈለገችም። የንግግሩ ዋጋ ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ ለኅብረ ድምፅ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ብቻ ሳይሆን ወደ ደቡብም መመልከት እንዳለበት ማሳየቱ ነው።

የደራሼ ፊላ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸው የቀርከሃ መንፊያዎች ስብስብ ነው። አንዱ መንፊያ ዜማ የለውም፤ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ረጅሙ ወፍራሙን፣ አጭሩ ቀጭኑን ይሰጣል፤ ነፊዎቹ እየተንቀሳቀሱ፣ አንዱ የተወውን ሌላው እያነሣ፣ ዜማውን ከመካከላቸው ያወጡታል። ዜማው በማንም አፍ ውስጥ የለም። የሌናርድን መብራት ይዞ ወደ ጊዶሌ የሄደ ሰው ምን ያደርጋል? መልከ መልካም የሆነውን አንዱን ነፊ መርጦ፣ ከጀርባው የማታ ፀሐይ አድርጎ፣ ጕንጩ ተነፍቶ ያነሣዋል። ሥዕሉ ያማረ ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ቃል አንዱን ፊደል ቈርጦ አውጥቶ ቃሉ ይህ ነው እንደ ማለት ነው።

በጋሞ ደጋ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የዶርዜ ወንዶች በመስቀል በዓልና በሌላም ጊዜ የሚዘፍኑት ባለ ብዙ ድምፅ ዘፈን እስከ አምስት የሚደርሱ የተለያዩ የድምፅ መስመሮች እንዳሉት ሊቃውንት መስክረዋል፤ ፈረንሳዊው ቤርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ በሸክላ አሳትሞታል። ይህ ዘፈን ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ተራራ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ዶርዜዎች ለሽመና አዲስ አበባ ገብተው በሽሮ ሜዳ ከሰፈሩበት ጊዜ ጀምሮ ዘፈናቸውም ከእነርሱ ጋር በከተማዋ አለ። የክብር ዘበኛ ባንድ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ኅብረ ድምፅን ከኖታ ሲማር፣ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ኖታ የማያስፈልገው ኅብረ ድምፅ ይዘፈን ነበር። ሁለቱ መደማመጣቸው ወይም አለመደማመጣቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል።

ሸክላውን የሚያዳምጥ ሰው አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ አምስቱ ድምፆች ተደራርበው ስለሚመጡ የትኛው ከየት እንደ ወጣ በጆሮ ብቻ ለመለየት ያስቸግራል። ሲማ አሮም በመካከለኛው አፍሪካ ለተመሳሳይ ችግር እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እያስቀዳ የሚለይበትን ዘዴ አዘጋጅቷል። ፎቶግራፍ ይህን ያህል ባይሠራም ለጆሮ ረዳት ሊሆን ይችላል። የማን አፍ ተከፍቶ የማን እንደ ተዘጋ፣ መሪው ወደ ማን እንደሚመለከት፣ እጁን ወደ ጆሮው ያስጠጋው ማን እንደ ሆነ፣ ከረድፉ የትኛው ጫፍ መልሱ እንደሚጀመር የሚያሳይ፣ በአጭር ጊዜ ልዩነት የተነሣ ተከታታይ ሥዕል ከድምፁ ጋር ሲቀመጥ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለዚህም ብርሃኑ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት፤ ካሜራውም ሁሉን ለመያዝ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ይህ የተናቀው የፎቶ ቤት ሰው ልማድ ነው።

በጋሞ ደግሞ የአቋቋም ሥርዓት ከሙዚቃ ውጭም ትርጕም አለው። ሕዝቡ በዱቡሻ ሲሰበሰብ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚናገር የታወቀ ነው፤ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ ስብሰባዎች በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የፖለቲካን ነገር የፈለገው ከስፍራ ነው። የሀላቃነት ማዕርግ የያዘ ሰውም በአደባባይ የሚታይበት ደንብ አለው። እንግዲህ በዶርዜ ዘፈን ጊዜ የተነሣ ሥዕል የአንድን ሽማግሌ ፊት ብቻ አጕልቶ የቀረውን ቢያደበዝዝ፣ የጠፋው የሙዚቃው ግማሽ ብቻ አይደለም፤ የሥርዓቱም ግማሽ ነው። ዛሬ ከዶርዜ የሚወጡት የጎብኚዎች ሥዕሎች በብዛት እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ጦር የያዘ አንድ ሰው፣ የተከፈተ አፍ፣ ከኋላው ዝሆን የሚመስለው የቀርከሃ ቤት። ያነሡት ሰዎች ሌናርድን በስም ላያውቁት ይችላሉ፤ ዓይናቸውን ያሠለጠነው ግን እርሱ ነው።

ነገሩን ወደ ሌላው ጫፍ ወስዶ ረድፍ ሁሉ እውነት፣ የአንድ ሰው መልክ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። የቀደሙት የባህል አጥኚዎች የደቡብን ሰው ከፊትና ከጎን እያቆሙ «የእንዲህ ያለ ነገድ ወንድ» እያሉ ሲያነሡ፣ ስሙን ሳይጽፉ ሲቀሩ፣ ረድፍ ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ሌናርድ ለዴክስተር ጎርደን የሰጠው ክብር ትልቅ ነገር ነው፤ በዘር መለያየት በሚኖር አገር ጥቁሩን ሙዚቀኛ ካርሽ ቸርችልን ባየበት ዓይን ማየት ማለት ነበርና። ስሙም ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል። የፊላ ነፊ ስም ግን ከሥዕሉ ሥር አልፎ አልፎ እንኳ አይገኝም።

ስለዚህ ለአባያ ዙሪያ ሙዚቃ ከሌናርድ ሊወሰድ የሚገባው ጢሱ ሳይሆን ባርኔጣው ነው። የሌስተር ያንግ ዕቃዎች ሥዕል ያለ ሰው ስለ ሰው እንደ ተናገረ፣ ከጭፈራው በኋላ በርዝመታቸው ተራ በግድግዳ ላይ የተደገፉ የፊላ መንፊያዎች ሥዕል፣ መለኪያ በትር ከጎናቸው ቆሞ፣ የእያንዳንዱም ነፊ ስም በመንፊያው ትይዩ ተጽፎ፣ ለሙዚቃ አጥኚው የስልቱን እርከን፣ ለባህል አጥኚው የጓዱን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ቀጥሎ የጓዱ ሙሉ ረድፍ ይነሣ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ሰው መልክ፤ ከሥዕሉም ጀርባ ቀኑ፣ ስፍራው፣ የተነፋው ዜማና የቆሙት ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፍ።